የመኪና ፍሬን ማስተር ከመገጠሙ አስቀድሞ አየሩን ስለ ማስወጣት

መግቢያ

ልጆች ሆይ፤ የአገው ምድር ሰው ፈረስን እንዴት አድርጎ ገርቶ እንደሚጋልብ ከሕፃንነታችሁ ጀምራችሁ ታያላችሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፤ ፈረሶቹ አጊጠው ሲሰግሩ ያያችሁ ብዙዎች ናችሁ። በዚያ ቀን ሕዝቡ የሚያደንቀው የፈረሱን ሩጫ ነው፤ ብልኅ ፈረሰኛ ግን ኮርቻ ላይ ከመውጣቱ አስቀድሞ የሚመረምረው ልጓሙን ነው። ስለ ምን ቢሉ፤ የሚሮጥ ፈረስ ብዙ ነው፤ ጌታው በፈለገው ስፍራ የሚቆም ፈረስ ግን ልጓሙ የጸና ብቻ ነው።

መኪናም እንደዚሁ ነው። ሞተር የመኪና ጕልበቱ ነው፤ ፍሬን ግን ልጓሙ ነው። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ሜጀር ቺዝማን የጣናን ሐይቅና የዓባይን ወንዝ ሲመረምር የተጓዘው በበቅሎ ነበር። ዛሬ ግን ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላና በእንጅባራ አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ ቀንና ሌሊት መኪና አይለየውም። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፤ እንጅባራም 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ናቸው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚሄደው መንገድ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከዚያም አልፎ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ወደ ተሠራበት ወደ ጉባ ይወርዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድም መኪና በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ወዳለው የዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። እንግዲህ እንዲህ ባለው አገር ፍሬኑ የማይታመን መኪና፤ ልጓሙ እንደ ተበጠሰ ፈረስ ነው፤ የሚጐዳውም ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የተሳፈረውንና በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሁሉ ነው።

በዚህ ትምህርት የምንማረው ከፍሬን ሥራ አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም የፍሬን ማስተር የሚባለው ዕቃ ሲለወጥ፤ አዲሱ በመኪናው ላይ ከመገጠሙ አስቀድሞ በውስጡ ያለውን አየር ስለ ማስወጣት ነው። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ጊዜውም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ሕይወት ያለው በእንደዚህ ያለው ትንሽ ሥራ ነው።

1ኛ ክፍል፤ ፍሬን በምን ኃይል እንደሚሠራ

ሹፌሩ በእግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ፤ ከእግሩ ርቆ በአራቱ ጎማዎች ዘንድ ያለው የፍሬን ሸራ ተጭኖ ጎማውን እንዴት ይይዘዋል? በቀድሞ ዘመን የተሠሩ መኪናዎች ፔዳሉን ከጎማው ጋር የሚያገናኙት በብረት ዘንግና በሽቦ ገመድ ነበር። ሽቦው አንዱ ሲረዝም አንዱ ሲያጥር ጎማዎቹ እኩል አይያዙም ነበርና መኪናው ወደ አንድ ወገን ያጋድል ነበር። አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ በሽቦው ፈንታ ፈሳሽ ነገር ኃይልን እንዲያደርስ አስቦ በ1917 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራው ፓተንት ተቀበለ፤ በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው የዱሰንበርግ አውቶሞቢልም በአራቱም ጎማ ላይ ይህን የፈሳሽ ፍሬን ይዞ ተሸጠ።

የዚህ ሁሉ መሠረት ግን ከዚያ በፊት የታወቀ ነው። በ1623 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1662 እ.ኤ.አ. የሞተው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ቢጫኑት ግፊቱ ሳይቀነስ በሁሉ ወገን እኩል እንደሚደርስ አስተማረ። ይህን በቍጥር እንመልከተው።

ሹፌሩ ፔዳሉን በ20 ኪሎ ግራም ኃይል ረገጠ እንበል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ መፈንቀያ እንጨት ስለሆነ ኃይሉን 5 ጊዜ ያበዛዋል፤ ስለዚህ የማስተሩ ፒስተን የሚገፋው በ100 ኪሎ ግራም ነው። የፒስተኑ ፊት ስፋት 4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ 100 ለ4 ሲካፈል በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚያርፈው ግፊት 25 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ግፊት በቀጭኑ ቱቦ ሄዶ በጎማው ዘንድ ካለው ፒስተን ይደርሳል። የዚህኛው ፒስተን ፊት ስፋት 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ 25 በ20 ሲባዛ 500 ኪሎ ግራም ይወጣል። እንግዲህ እነሆ፤ 20 ኪሎ ግራም የነበረው የእግር ኃይል በጎማው ዘንድ 500 ኪሎ ግራም ሆነ።

ነገር ግን ኃይል ሲበዛ መንገድ ያንሳል። የጎማው ፒስተን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲራመድ 1 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ዘይት ያስፈልገዋል፤ ለአራቱ ጎማ 4 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ለማድረስ የማስተሩ ፒስተን 1 ሳንቲ ሜትር፤ የሹፌሩ እግር ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለባቸው። ይህን 5 ሳንቲ ሜትር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

2ኛ ክፍል፤ አየር የፍሬን ጠላት የሆነበት ምክንያት

ይህን በዓይናችሁ እንድታዩት ትንሽ ፈተና እናድርግ። መምህሩ መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅ ያምጣ። በመጀመሪያ አየር ብቻ ይሙላበትና አፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ መግፊያውን ይግፋው። መግፊያው ይገባል፤ በለቀቀውም ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ቀጥሎ ስሪንጁን ውሃ ብቻ ይሙላበት፤ አፉን ወደ ላይ አቅንቶ ጥቂት የቀረውን አየር ያስወጣና እንደ ቀድሞው ደፍኖ ይግፋው። አሁን መግፊያው እንደ ድንጋይ ቆሞ አልገባም ይላል። በሦስተኛው ጊዜ ግማሹን ውሃ፤ ግማሹን አየር አድርጎ ይግፋው። ውሃው አይጨመቅም፤ አየሩ ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ መግፊያው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል።

ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ በ1662 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጠው፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ በአየር ላይ ግፊቱ ሲበዛ በዚያው ልክ የአየሩ መጠን ያንሳል። በፍሬኑ ቱቦ ውስጥ 5 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፤ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል አየር ቀረ እንበል። ከላይ ባየነው በ25 ኪሎ ግራም ግፊት ይህ አየር ተጨምቆ ከ0.2 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሆናል። እንግዲህ 4.8 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የሚያህለው የዘይት ጉዞ ጎማውን ሳይይዝ አየር በመጨመቅ ብቻ ባከነ ማለት ነው። ይህን ለመሙላት የማስተሩ ፒስተን ሌላ 1.2 ሳንቲ ሜትር፤ የሹፌሩም እግር ሌላ 6 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። አስቀድሞ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሄድ የነበረው ፔዳል አሁን 11 ሳንቲ ሜትር ሄደ። ፔዳሉ የመኪናውን ወለል እስኪነካ ያለው መንገድ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ የቀረው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አየሩ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ግን ፔዳሉ ወለሉን ይመታል፤ መኪናው ግን በሚገባ አይያዝም። አንድ የሻይ ማንኪያ አየር ምን ያህል እንደሚያደርስ ተመልከቱ።

3ኛ ክፍል፤ ማስተሩ በውስጡ ምን እንደሚመስል

የፍሬን ማስተር ማለት በሞተሩ ክፍል ውስጥ፤ በሹፌሩ ፊት ለፊት ባለው የብረት ግድግዳ ወይም ሰርቮ በሚባለው የእግር ኃይል ማገዣ ላይ በብሎን የታሰረ ሲሊንደር ነው። በላዩ የፍሬን ዘይት የሚቀመጥበት ቋት አለ። በውስጡም ፒስተን፤ ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ፤ ዘይቱም ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚከለክል ጎሚኒ ይገኛሉ።

ዛሬ በሚሠሩት መኪናዎች ማስተሩ አንዱ ከአንዱ ፊት የተሰለፉ ሁለት ፒስተኖች አሉት። እያንዳንዱ ፒስተን ለየራሱ ጎማዎች ዘይት ይልካል፤ አንዱ መሥመር ቢበጠስ ሁለተኛው መኪናውን እንዲያቆም የታሰበ ነው። ስለዚህ አየር የሚደበቅበት ክፍልም ሁለት ነው፤ አንዱን አጥርቶ ሁለተኛውን መተው ሥራን አለመፈጸም ነው።

ከቋቱ ወደ ሲሊንደሩ የሚወርዱ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንደኛዋ እጅግ ትንሽ ናት። ፒስተኑ ወደ ስፍራው ፈጽሞ ሲመለስ ይህች ትንሽ ቀዳዳ ትከፈታለች፤ በሙቀት ያበጠው ዘይትም በእርሷ ወደ ቋቱ ይመለሳል። ፒስተኑን ገፊው ዘንግ ከልኩ በላይ ረዝሞ ፒስተኑ እንዳይመለስ ቢከለክለው ግን ቀዳዳዋ ተዘግታ ትቀራለች፤ ፍሬኑም ሳይረገጥ ራሱን ይዞ እየጋለ ይሄዳል።

4ኛ ክፍል፤ አየሩ ከመገጠሙ አስቀድሞ የሚወጣበት ምክንያት

አንድ ተማሪ፤ «ማስተሩ በመኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉን ደጋግሞ በመርገጥ አየሩ አይወጣምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ሦስት ነው።

አንደኛ፤ አዲስ ማስተር ባዶ ሆኖ ስለሚመጣ የሞላው አየር ብቻ ነው። ይህ አየር ወደ ረጅሙ ቱቦ ከተገፋ በኋላ በየመታጠፊያው ተሰውሮ እስከ ጎማው ድረስ ተከትሎ ማውጣት ብዙ ዘይትና ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ሁለተኛ፤ አየር ቀላል ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው ይሸሻል። በብዙ መኪናዎች ላይ ማስተሩ የሚገጠመው ጥቂት አጋድሎ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሎ ነው። በዚያ ከፍ ባለው ጫፍ የተጠራቀመ አየር ፔዳሉ ሲረገጥ ይጨመቃል፤ ሲለቀቅም ያብጣል፤ ከስፍራው ግን አይነቃነቅም። በጠረጴዛ ላይ አስተካክለው ሲይዙት ግን መውጫ መንገድ ያገኛል።

ሦስተኛ፤ በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው አረፋው ሲወጣ በዓይኑ ያያል፤ ሲያልቅም ያውቃል።

ነገሩ በልባችሁ እንዲቀር አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የፈሳሽ ፍሬን ያለው አንድ የጭነት መኪና ድንች ጭኖ በማለዳ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ሊወርድ ነው እንበል። በዋዜማው ምሽት ማስተሩ ተለውጦለታል፤ ነገር ግን መሽቶ ስለ ነበር መካኒኩ አየሩን በጠረጴዛ ላይ ሳያስወጣ ገጠመው። ሥራ የሚማረው ልጅ፤ «ጋሼ፤ አየሩን ሳናወጣ ገጠምነውኮ» ቢለው፤ «ተወው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ይስተካከላል» ብሎ መለሰለት። እውነትም ሹፌሩ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ቢረግጠው ጠጠረለትና ደኅና ነው ብሎ ሄደ። ፔዳል በመደጋገም ሲጠጥር ግን አየሩ ወጣ ማለት አይደለም፤ ለጊዜው ተጨመቀ ማለት ነው እንጂ። ቍልቍለቱ በጀመረ ጊዜ ከብቶች መንገዱን ተሻገሩ፤ ሹፌሩ በድንገት አንድ ጊዜ ቢረግጥ ፔዳሉ ወለሉን መታ። ለሦስት ጊዜ መርገጫ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ማርሹን ዝቅ አድርጎ፤ መኪናውን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቍልል ጋር አጋጭቶ አቆመው። ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን የባለ አገሩ ሁለት በሬዎች ሞቱ፤ ድንቹም በገደሉ ተበተነ። የተቆጠበው ግማሽ ሰዓት ነበር፤ የጠፋው ግን የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት እርሻ ነው። ልጁ የጠየቀው ትክክል ነበር። ሥራ የምትማሩ ልጆች ሆይ፤ ታላቅን አክብራችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አይቶ ዝም ማለት ግን ነውር ነው።

5ኛ ክፍል፤ የአሠራሩ ተራ

ይህን ሥራ የሚሠራው ዐዋቂ ባለሙያ ነው፤ ተማሪም የሚሠራው በባለሙያ ፊት ብቻ ነው። ተራው እንደሚከተለው ነው።

1. አዲሱን ማስተር ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ይገባል። የሲሊንደሩ ስፋት፤ የቱቦ መግጠሚያው ጥርስ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ፤ ገፊው ዘንግ የሚገባበትም ጥልቀት አንድ መሆን አለባቸው።

2. እጅንና ጠረጴዛን ማጽዳት፤ ለመኪናው የታዘዘውን ዓይነት አዲስና ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ማቅረብ። ለዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ፤ ዘይቱ ሲረጭ ዓይንን ይጐዳልና።

3. ማስተሩን በሞርሳ መያዝ። ሞርሳው የሚይዘው ብሎን የሚገባበትን ጆሮውን ነው እንጂ የሲሊንደሩን ገላ አይደለም፤ ገላው ጥቂት ቢጨመቅ ፒስተኑ ይነክሳል። በሞርሳው ጥርሶች መካከል እንጨት ማድረግ ይሻላል። ማስተሩም ሳያጋድል የተስተካከለ፤ ቋቱም ወደ ላይ ሆኖ ይታሰራል።

4. በዘይት መውጫዎቹ ላይ ጥርሳቸው የሚስማማ መግጠሚያ ያላቸውን አጫጭር ቱቦዎች መግጠም፤ ጫፋቸውንም ወደ ላይ አጥፎ ወደ ቋቱ ማስገባት። ማስተሩ ሁለት ክፍል ከሆነ ቱቦዎቹም ለየክፍላቸው ይሆናሉ።

5. የቱቦዎቹ ጫፍ እስኪሸፈን ድረስ ቋቱን በዘይት መሙላት። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። ጫፉ ከዘይቱ በላይ ከሆነ ፒስተኑ በሚመለስበት ጊዜ አየርን መልሶ ይስባል፤ ሥራውም ባልተደፈነ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ይሆናል። ከሞሉ በኋላ ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወርድ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል።

6. ጫፉ ድቡልቡል በሆነና ንጹሕ በሆነ እንጨት ፒስተኑን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው መግፋት፤ ከዚያም ቀስ ብሎ መልቀቅ። ስለታም ብረት አይገባም፤ ፒስተኑን ይቧጭራልና። በቍጣ መግፋትም አይገባም፤ ዘይቱና አየሩ ተደባልቀው እንደ ጠላ አረፋ ይሆናሉ፤ ጥቃቅኑም አረፋ ለመውጣት ያስቸግራል። ከተለቀቀ በኋላ እስከ 15 ድረስ ቈጥሮ እንደ ገና መግፋት ነው።

7. በመጀመሪያ ትላልቅ፤ ቀጥሎ ትንንሽ አረፋ በቱቦው ጫፍ ሲወጣ ይታያል። በመካከሉ የሲሊንደሩን ገላ በእንጨት እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ የተጣበቀውን አረፋ ያስለቅቃል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ዘይቱ እንዳይጐድል እያዩ መጨመር ነው። ከሁለቱም ቱቦ አረፋ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ይደጋገማል፤ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ጊዜ ጨምሮ መግፋት መልካም ነው።

8. መፈተን። ቱቦዎቹን ፈትቶ መውጫዎቹን ፈጥኖ በሚስማማቸው መድፈኛ መድፈን፤ ከዚያም ፒስተኑን መግፋት። አየሩ ወጥቶ ከሆነ ፒስተኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሄዶ እንደ ድንጋይ ይቆማል። እየለሰለሰ ወደ ውስጥ ከገባ ግን አየር ቀርቷልና ከ4ኛው ተራ ጀምሮ መድገም ነው። በዚህ መፈር አይገባም፤ በጠረጴዛ ላይ መድገም በገደል ላይ ከመጸጸት ይሻላል።

6ኛ ክፍል፤ ከዚህ በኋላ የሚደረገው

መኪናው በተስተካከለ ስፍራ ቆሞ፤ ለጎማዎቹም ድንጋይ ወይም እንጨት ተደርጎ፤ ማስተሩ እንደ ተደፈነ ወደ ስፍራው ይወሰዳል። ገፊው ዘንግ ከፒስተኑ ጋር ያለው ክፍተት የመኪናው ሠሪ ባዘዘው ልክ መሆኑ ይመረመራል። ከዚያም መድፈኛው አንድ በአንድ እየተነሣ የመኪናው የብረት ቱቦ ይገጠማል። የቱቦው መግጠሚያ መጀመሪያ በጣት ይዞራል፤ ጥርሱ መያዙ ከታወቀ በኋላ ብቻ በቍልፍ ይጠብቃል።

መድፈኛው በተነሣ ጊዜ ጥቂት አየር በመግጠሚያው አፍ ይገባል። ይህን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ በፔዳሉ፤ አንዱ በማስተሩ ዘንድ ይሆናሉ። መካኒኩ ከመግጠሚያው ሥር ጨርቅ አድርጎ «እርገጥ» ይላል፤ ረዳቱም ቀስ ብሎ እየረገጠ «ረግጫለሁ፤ ጋሼ» ብሎ ይመልሳል። መካኒኩ መግጠሚያውን ጥቂት ፈታ ሲያደርገው አየርና ዘይት ይወጣሉ፤ ካጠበቀውም በኋላ «ልቀቅ» ይላል። ረዳቱ ሳይታዘዝ ቢለቅ አየሩ መልሶ ይገባልና መደማመጥ የሥራው ግማሽ ነው።

ቀጥሎ በየጎማው ዘንድ ባለው የአየር ማስወጫ ብሎን ይህንኑ ማድረግ ነው። የጎማዎቹ ተራ ለየመኪናው ዓይነት የተለያየ ስለሆነ ሠሪው በመጽሐፉ ያዘዘውን መከተል ይገባል፤ በብዙዎች ዘንድ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። ጎማ እንዳይንሸራተት የሚከላከል ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባል መሣሪያ ያላቸው መኪናዎች አንዳንዶቹ ለዚህ ሥራ የተለየ መመርመሪያ ይፈልጋሉ።

በመጨረሻም ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ አንድ ደቂቃ መያዝ። ጠጥሮ ከቆመ መልካም ነው፤ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ወይ ዘይት የሚያፈስ ስፍራ አለ፤ ወይም የማስተሩ ጎሚኒ አልያዘም። ሰርቮ ባለው መኪና ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ቢል ሰርቮው ሠራ ማለት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ከዚህ በኋላ ሰው በሌለበት በተስተካከለ ሜዳ በሰው እርምጃ ልክ እየነዱ መፈተን፤ በቍልቍለት ላይ መፈተን ግን ፈጽሞ አይገባም።

7ኛ ክፍል፤ ስለ ፍሬን ዘይት

የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ቢባልም ከሞተር ዘይትና ከምግብ ዘይት የተለየ ነው። የሞተር ዘይት፤ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ በፍሬን ቋት ውስጥ ቢጨመር ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ያበላሻቸዋልም። ዕቃውንም በቤንዚን ማጠብ እንደዚሁ ጎጂ ነው።

የታወቁት ዓይነቶች ዶት 3 እና ዶት 4 ይባላሉ። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ፤ አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል። ነገር ግን እነዚህ ዘይቶች የአየርን እርጥበት ይስባሉ። ከመቶ 3.7 እጅ ያህል ውሃ በገባባቸው ጊዜ የሚፈሉበት ዝቅተኛው ልክ ለዶት 3 140፤ ለዶት 4 155 ዲግሪ ይሆናል። ንጹሕ ውሃማ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በእንጅባራ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ በረጅም ቍልቍለት ፍሬኑ ሲግል ያረጀው ዘይት ይፈላል፤ ሲፈላም እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። አየሩን በብዙ ድካም አስወጥቶ አሮጌ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ዘይት መጨመር፤ ሌባን በበር አስወጥቶ በመስኮት እንደ ማስገባት ነው። ውሃ በፍሬን ቋት መጨመርም እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህም በረጅም ቍልቍለት ብልኅ ሹፌር ማርሹን አስቀድሞ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ፍሬኑን ያለ ዕረፍት አይረግጥም።

ይህ ዘይት መርዝ ስለሆነ ከአፍ መራቅ አለበት፤ በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ አይገባም፤ ሕፃን መጠጥ መስሎት ይጠጣዋልና። በዓይን ቢገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የመኪናን ቀለም ስለሚያነሣም የፈሰሰውን ፈጥኖ በውሃ ማጠብ ይገባል። የተረፈውን በወንዝና በእርሻ አጠገብ መድፋት ሰውንና ከብትን ይጐዳል።

8ኛ ክፍል፤ ስለ ትላልቅ መኪናዎች

ከእናንተ አንዱ፤ «ትልቁ የጭነት መኪና ሲቆም የአየር ድምፅ ያሰማል፤ ታዲያ አየር ጠላት ከሆነ ስለ ምን በፍሬን ይገባል?» ይል ይሆናል። ብዙዎቹ ከባድ መኪናዎች ሞተሩ በሚያጭቀው አየር ፍሬናቸውን ይሠራሉ። በእነርሱ ዘንድ አየር በጋን ተጠራቅሞ በልክ የሚታዘዝ አገልጋይ ነው። በፈሳሽ ፍሬን ውስጥ ግን አየር ሳይጠራ የገባ እንግዳ ነው። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ሥራ የሚሆነው ፍሬናቸው በፈሳሽ ለሚሠራ መኪናዎች፤ ለምሳሌ ለትንንሽ አውቶሞቢሎችና ለሚኒባሶች ነው።

መደምደሚያ

ልጆች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል አንዱ ነገ መካኒክ፤ አንዱ ሹፌር፤ አንዱ ባለ መኪና ይሆናል፤ ሁላችሁም ግን ተሳፋሪዎች ናችሁ። አየር በዓይን አይታይም፤ የሰነፍ ሥራም በጋራዥ ውስጥ አይታይም፤ ሁለቱም የሚገለጡት በቍልቍለት ላይ ነው። የማያውቀውን ሥራ አውቃለሁ የሚል ሰው፤ የሚያውቀውን ሥራ ደግሞ ለመቸኰል ሲል የሚያጐድል ሰው፤ ሁለቱ በጥፋት እኩል ናቸው። መልካም ባለሙያ ግን መኪናውን ለባለቤቱ ሲመልስ፤ የገዛ ልጁን በዚያ መኪና አሳፍሮ ወደ ዓባይ በረሃ ለመስደድ የማይፈራ ነው።

ጥያቄዎች

1. ብሌዝ ፓስካል ስለ ፈሳሽ ግፊት ያስተማረው ምንድር ነው?

2. ሹፌሩ ፔዳሉን በ30 ኪሎ ግራም ቢረግጥ፤ ፔዳሉም ኃይሉን 4 ጊዜ ቢያበዛው፤ የማስተሩ ፒስተን ፊት 3 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚያርፈው ግፊት ስንት ነው?

3. በስሪንጅ በተደረገው ፈተና ውሃና አየር በምን ተለያዩ?

4. አየሩ በጠረጴዛ ላይ የሚወጣባቸውን ሦስት ምክንያቶች ተናገሩ።

5. የቱቦዎቹ ጫፍ ከዘይቱ በታች መሆን ያለበት ስለ ምንድር ነው?

6. ፔዳል ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲረገጥ ቢጠጥር አየሩ ወጥቷል ማለት ይቻላልን? ምክንያቱን ግለጡ።

7. አሮጌ የፍሬን ዘይት በረጅም ቍልቍለት ላይ የሚያመጣውን አደጋ በቤታችሁ ላሉት ሰዎች አስረዱና እነርሱ የመለሱላችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ አምጡ።